የማን ልጅ ነህ? የጥንት ትረካዎቻችን ያነሡት ጥያቄ

ከገድለ ተክለ ሃይማኖት እስከ ክብረ ነገሥት፣ ከገብረ ክርስቶስ እስከ በርለዓም ወይዋስፍ፦ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች ሰው በምን እንደሚታወቅ ደጋግመው ጠይቀዋል። መልሳቸው ዛሬ ከምንሰጠው ይልቅ ሰፊ ነው።

ወር በገባ በ24 የመርካቶው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ከሌላው ቀን ቀድሞ ይነቃል። ገና ጎህ ሳይቀድ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ከአብነት በኩል፣ ከሰባተኛ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋሉ። ጧፍና ዕጣን ሻጮች በአጥሩ ሥር ላስቲካቸውን ዘርግተዋል። ከእነሱ ጎን ሥዕል፣ ማተብ፣ የጸሎት መጽሐፍ የሚሸጡ ወጣቶች ተደርድረዋል። ትንሽ ዝቅ ሲሉ ግን መርካቶ ሥራውን አላቋረጠም። ተሸካሚዎች ጆንያ አዝለው መንገድ ይለምናሉ፤ አይሱዙ ዕቃ ያራግፋል፤ የታክሲ ረዳት የሰፈሩን ስም እየደጋገመ ይጣራል።

ከሥዕሎቹ መካከል የሰፈሩን ባለቤት ለመለየት ከሥር የተጻፈውን ማንበብ አያስፈልግም። ስድስት ክንፍ አላቸው፤ በአንድ እግር ቆመዋል፤ ከጸሎት ብዛት የተቆረጠችው ሌላዋ እግር ከጎናቸው ትታያለች። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ «ተክልዬ» ብሎ ይጠቁማል። ቤተ ክርስቲያኑም፣ አደባባዩም፣ ሰፈሩም በእሳቸው ስም ይጠራሉ።

ይህን ስም በየቀኑ ከሚጠሩት ብዙዎቹ ግማሹን ታሪክ ያውቃሉ። ጻድቁ ደብረ ሊባኖስን እንደ መሠረቱ፣ ቆመው እንደ ጸለዩ፣ ክንፍ እንደ ተሰጣቸው ያውቃሉ። ሌላው ግማሽ ብዙም አይነገርም። ተክለ ሃይማኖት የሚለው ስም የመጀመሪያ ስማቸው አልነበረም፤ ከመወለዳቸው በፊትም እናታቸው በጦር ተማርከው፣ ለባዕድ ንጉሥ ሊዳሩ ተዘጋጅተው ነበር። የገድሉ ጸሐፊ ትረካውን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በንጉሥ ልብስ ያጌጠችው ምርኮኛ

ቦታው ሸዋ፣ ቡልጋ ውስጥ ነው። የዞረሬው ካህን ጸጋ ዘአብና ሚስቱ እግዚእ ኀረያ ልጅ አላገኙም። በዚያ ወራት የዳሞቱ ገዥ ሞቶሎሚ ሠራዊቱን አስከትሎ አገሩን ወረረ። ካህኑ ከሚያሳድደው ወታደር ለማምለጥ ራሱን ውኃ ውስጥ ወረወረ፤ ሚስቱ ተማረከች። ወታደሮቹ በውበቷ ተደንቀው ለንጉሣቸው ወሰዷት። ንጉሡም ሊያገባት ወዶ የቤተ መንግሥት ልብስ አለበሳት፣ በጌጥ አስጌጣት፣ ድግስ አስደገሰ።

እዚህ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ይደርሳል። ከዳሞት አንሥቶ ወደ አገሯ፣ ወደ ዞረሬ ቤተ ክርስቲያን ይመልሳታል። ጸጋ ዘአብ ለማጠን ሲወጣ በንጉሥ ልብስ ያጌጠች ሴት ቆማ ያገኛል። ሞተች ወይም ባሪያ ሆነች ብሎ ያለቀሰላት ሚስቱ ናት። እንዴት እንደ መጣች ይጠይቃታል፤ እሷም የደረሰባትን ሁሉ ትነግረዋለች።

ይህን ትዕይንት በሥነ ጽሑፍ ዓይን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ምርኮ፣ መለያየት፣ የተለወጠ ልብስ፣ ያልተጠበቀ መገናኘት፣ «ማን ነሽ? ከየት መጣሽ?» የሚል ጥያቄ። በመካከለኛው ዘመን ከአውሮፓ እስከ ፋርስ ሮማንስ ተብለው የሚታወቁት የፍቅር፣ የጀብዱና የጉዞ ትረካዎች የሚቆሙት በእነዚሁ ምሰሶዎች ላይ ነው። ገድል ግን ለአማኙ ጸሎትና በረከት ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ገድልን ከልብ ወለድ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሌላ ነው፦ የገድል ጸሐፊዎቻችን የትረካ ጥበብ ያውቁ ነበር፤ በዚያም ጥበብ የሰውን ማንነት መርምረዋል።

ልጁ ታኅሣሥ 24 ተወለደ፤ ፍሥሐ ጽዮን ተባለ። በወጣትነቱ አደን ይወድ ነበር። አንድ ቀን ዱር ውስጥ ሳለ መልአኩ ተገለጠለት፤ ከእንግዲህ የሚያድነው አራዊትን ሳይሆን የሰውን ነፍስ እንደሆነ፣ ስሙም ተክለ ሃይማኖት እንደሚሆን ተነገረው። ቀስቱን አስቀምጦ፣ ንብረቱን ለድኾች ሰጥቶ ወጣ። በአዲሱ ስም ከሚደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አንዱ ወደ ዳሞት ነው። ጻድቁ እናታቸው ወደ ተነጠቀችበት፣ ሊድሯት ወደ ደገሱበት ወደዚያው ንጉሥ ግቢ ይሄዳሉ። ሞቶሎሚ ሊያስገድላቸው ይሞክራል፤ በመጨረሻ በእጃቸው ይጠመቃል።

> በሌላ አገር ትረካ ልጁ የሚመለሰው ሰይፍ ይዞ ነው። በዚህኛው የተመለሰው ለማጥመቅ ነው።

የገድሉ ኃይል እዚህ ላይ ነው። የእናቱን በደል የሚያውቅ ልጅ ሲያድግ ማን ይሆናል? ደም የሚመልስ ሰው ይሆናል ብሎ የጠበቀ አንባቢ ሌላ መልስ ያገኛል። የተወለደበት ታሪክ አልተሰረዘም፤ የተወለደበት ቀን ዛሬም ይከበራል። ነገር ግን ማንነቱን የወሰነው በዚያ ታሪክ የሠራው ነው።

አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ታሪክ

መርካቶ ውስጥ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ጀምሮ ጫማ የሚጠርጉ፣ ዕቃ የሚሸከሙ፣ ሎተሪ የሚሸጡ ብዙ የወላይታ ልጆች አሉ። ለእነሱ ሞቶሎሚ የሚለው ስም ከገድል የሚሰማ የጠላት ስም ብቻ አይደለም። በወላይታ የቃል ታሪክ ሞቶሎሚ ወላይታ ማላ የሚባለው ሥርወ መንግሥት ጀማሪ ነው፤ በኩራት የሚጠራ ንጉሥ ነው። በዚያው አገር ደግሞ ደብረ መንክራት ተክለ ሃይማኖት የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ምእመናኑ ጻድቁ አስተምረው ያጠመቁበት ቦታ ነው ይላሉ።

ስለዚህ አንዱ ሰው በሸዋው ገድል እናትን የማረከ ወራሪ ነው፤ በወላይታ ትውስታ የመንግሥት አባት ነው፤ በወላይታ ክርስቲያን ዘንድ ሁለቱም ነው። ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ትረካ የሚጻፈው ከአንድ ቦታ ቆሞ ነው። በደብረ ሊባኖስ የሚነበበው ገድል የተጻፈው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ጻድቁ ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው። በዋልድባ የተገኘው ሌላ ገድል ከዚያ ይቀድማል። በኋላ የተጻፈው የዘር ሐረጋቸውን ከሌዋዊው ካህን ከሳዶቅ ጋር ያያይዛል፤ የገዳሙ ክብር ከፍ ባለበት ዘመን የመሥራቹም ሐረግ ወደ ኢየሩሳሌም ተዘረጋ።

የታሪክ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ገድሉ ስለ ጻድቁ ዘመን ብቻ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው ዘመንም ይናገራል ይላሉ። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በበኩላቸው ገድል በአበው ቃል ተጠብቆ የኖረ ምስክርነት ነው ይላሉ። አንባቢ ሁለቱን ሰምቶ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል፦ የማንነት ታሪክ ሲጻፍ ማን እንደ ጻፈው መጠየቅ ታሪኩን መናቅ አይደለም።

ቀለበቱና ፊቱ

የሳዶቅ ሐረግ ወደ ሌላው ታላቅ ትረካ ይወስደናል። ክብረ ነገሥት በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ በግእዝ ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በፒያሳና በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ታሪኩ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ በሸራ ላይ ተሥሎ ይሸጣል፦ ዘንዶው፣ ንግሥቲቱ፣ ጉዞው፣ የቅመሙ ግብዣ፣ የሌሊቱ ውኃ፣ የልጁ ልደት።

ሥዕሉ ፈጥኖ የሚያልፈው ነገር ግን ከሁሉ ጥልቅ ነው። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው አብረውት የሚማሩትን ልጆች አባቱ ማን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ወደ እናቱ ሄዶ እሷም እንድትነግረው ለመናት። ንግሥቲቱ ማክዳ ልጇ ጥሏት እንዳይሄድ ፈርታ ተቆጣችው፤ አባትህም እናትህም እኔ ነኝ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቅ ዓይነት መልስ ሰጠችው። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሞ። በመጨረሻ ነገረችው፤ አገሩ ሩቅ፣ መንገዱ አስቸጋሪ መሆኑንም ጨምራ። ብቻዋን ልጅ ላሳደገች እናትና አባቱን ላላየ ልጅ ይህ ገጽ የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም።

በ22 ዓመቱ ወጣቱ ተነሣ። እናቱ ሰሎሞን የሰጣትን ቀለበት ምልክት እንዲሆነው ሰጠችው። ጋዛ ሲደርስ ግን ቀለበቱን ማሳየት እንኳ አላስፈለገውም። ሕዝቡ ንጉሡ ራሱ የመጣ መስሎት ሰገደለት። ሌሎች ደግሞ ንጉሡ ኢየሩሳሌም ነው ብለው ተከራከሩ፤ ፈረሰኛ ልከው እስኪያረጋግጡ ድረስ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሰሎሞንም ቀለበቱ ሲቀርብለት መልኩ ከምልክት ሁሉ በላይ እንደ መሰከረለት ተናገረ፤ አባቴን ዳዊትን በጉልምስናው ይመስላል አለ።

በብዙ የዓለም ትረካዎች ታሪኩ እዚህ ያበቃል። የጠፋው ልጅ ታወቀ፤ አባቱ አቀፈው፤ ዙፋን አገኘ። ክብረ ነገሥት ግን ዋናውን ጥያቄ ገና አሁን ይጠይቃል። ሰሎሞን ልጁ ከእሱ ጋር እንዲቀር፣ በእስራኤል እንዲነግሥ ለመነው። ልጁ እምቢ አለ። ለእናቱ እመለሳለሁ ብሎ ምሏል፤ አገሩ ያ ተራራማው የእናቱ አገር ነው። በካህኑ በሳዶቅ እጅ ተቀብቶ ዳዊት የሚል ስም አገኘ፤ ስሙን ይዞ ወደ እናቱ ተመለሰ።

> አባቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ባሕርና በረሓ አቋረጠ። ካወቀ በኋላ የት እንደሚኖር የመረጠው ግን ራሱ ነው።

ይህ ልጅ በመጽሐፉ በይነ ልሕኪም ነው፤ በቅብዐቱ ዳዊት ነው፤ በሕዝቡ አፍ ቀዳማዊ ምኒልክ ነው። እናቱ የሰየመችው፣ በቅብዐቱ የተሰጠው፣ ሕዝብ የሰየመው ስም በአንድ ሰው ላይ ተደርበዋል። መጽሐፉ አንዱን ለማጽደቅ ሌላውን አልሻረም።

ነጋዴው ይዞት የመጣው

በመርካቶ ለሚኖር አንባቢ ክብረ ነገሥት ውስጥ ልዩ ቦታ ያለው አንድ ሰው አለ፦ ታምሪን። ታምሪን የንግሥቲቱ ነጋዴ ነው፤ 520 ግመል የሚጭን፣ መርከቦች ያሉት ባለጸጋ። ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ሥራ ዕቃ ሲፈልግ ታምሪን ኢየሩሳሌም ሄደ። የንጉሡን ጥበብ አይቶ ሲመለስ ለንግሥቲቱ ያየውን ነገራት። እሷም መንገድ ጀመረች። የነገሥታቱ ሐረግ ሁሉ የተመዘዘው አንድ ነጋዴ ከሩቅ አገር ይዞት ከመጣው ወሬ ነው። ልጁም ወደ አባቱ ሲሄድ መንገዱን የመራው ታምሪን ነው።

ሁለተኛው ነጋዴ በሌላ መጽሐፍ ውስጥ አለ። በርለዓም ወይዋስፍ የሚባለው ትረካ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ኮከብ ቆጣሪ ልጅህ ሌላ እምነት ይከተላል ብሎ ስለ ተነበየ ንጉሡ ልጁን ሞትንና በሽታን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘጋበት። መነኩሴው በርለዓም የነጋዴ ልብስ ለብሶ፣ ዋጋው የማይታወቅ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ገባ። ዕንቍው ትምህርቱ ነበር። ልዑሉ ዘውዱን ትቶ መነነ።

የዚህ ታሪክ መነሻ የቡድሃ ሕይወት ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ፣ በዐረብኛ፣ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋ አልፎ፣ በየደረሰበት የአገሩን ሃይማኖት ለብሶ የመካከለኛውን ዘመን ዓለም ዞረ። እኛ ዘንድ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1553 ነው፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው ሰው ሕይወት ደግሞ ራሱ ትረካ ነው። አባ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ ሰው ነበሩ። በኢትዮጵያ ተጠመቁ፣ መነኮሱ፣ ግእዝ ተምረው ሊቅ ሆኑ፤ በመጨረሻም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆነው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት መንበር ተቀመጡ። አሕመድ ግራኝ አገሩን ባጥለቀለቀበት ጊዜ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው የመረጡትን እምነት ተከራከሩለት፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ደግሞ በርለዓምን ተረጐሙ። ዙፋኑን ትቶ ሌላ ሰው ስለ ሆነው ልዑል የጻፈው፣ አገሩን ትቶ ሌላ አገር ላይ አባት የሆነ ሰው ነው።

መርካቶ ይህን ነገር ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዓመታት ገበያውን ከአራዳ አውጥቶ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ፣ እነዚህን ተራዎች ያቆሙት ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ናቸው፦ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ የመኑ ዐረብ፣ ሐረሪው፣ የመንዝና የቡልጋ ሰው፣ የሰላሌው ኦሮሞ። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። ገበያው ውስጥ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሽማግሌዎች ከየት መጣህ የሚለውን ጥያቄ እንግዳ መቀበያ አድርገው ያውቁታል፤ ማስታወሻም ነው፣ የሚያውቁትን ዘመድ መጠየቂያም ነው። መርካቶ ውስጥ ግን ሰው የሚታመነው በሌላ ነገር ነው ይላሉ፦ ያለ ወረቀት የወሰደውን ዱቤ በቀኑ በመመለሱ።

አባቱ ደጅ ላይ

በየደጀ ሰላሙ፣ ዝክርና ንግሥ ባለበት ሁሉ፣ የኔ ቢጤዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በጻድቁ ስም ይለምናሉ። ከሚጠሯቸው ስሞች አንዱ ገብረ ክርስቶስ ነው። በዓሉ ጥቅምት 14 ይውላል።

ገብረ ክርስቶስ በእኛ ገድል የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ነው። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራዪቱን ተሰናብቶ ወጣ፤ ያለውን ሰጥቶ በሩቅ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኝ ሆነ። ዝናው መውጣት ሲጀምር ከዚያም ሸሸ፤ መርከቡ ግን ወደ አባቱ ከተማ መለሰው። በአባቱ ደጅ፣ ከአባቱ ውሾች ጋር፣ ማንም ሳያውቀው 15 ዓመት ኖረ። አገልጋዮቹ ያንገላቱት ነበር። አባቱ በየቀኑ ያልፍበታል፤ እናቱ ስለ ጠፋው ልጇ ታለቅሳለች፤ እሱ ይሰማል። ሲሞት በእጁ የያዘው ደብዳቤ ማን እንደ ነበር ነገራቸው።

ይኸው ታሪክ በአውሮፓ የቅዱስ አሌክሲስ ታሪክ ሆኖ በ11ኛው መቶ ዓመት በጥንቱ ፈረንሳይኛ በግጥም ተጽፏል፤ ከዚያ ቋንቋ የሥነ ጽሑፍ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። በሶርያውያን ዘንድ የተጀመረ ታሪክ በአንድ በኩል ወደ ፈረንሳይ፣ በሌላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሄደ።

> የበይነ ልሕኪምን ማንነት ጋዛ በመልኩ ብቻ ለየችው። የገብረ ክርስቶስን የገዛ አባቱ 15 ዓመት ሙሉ አይቶት አላወቀውም።

ሁለቱን ትረካዎች ጎን ለጎን ሲያነቧቸው የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ምን ያህል እንዳሰቡበት ይገባል። አንዱ ደም ይጣራል፣ ፊት ይመሰክራል ይላል። ሌላው አይደለም፣ ልብስ ካረጀ፣ ገላ ከቈሰለ የወለደም አይለይም ይላል። አንድ አገር ሁለቱንም አንብቧል፤ ሁለቱንም ቀድሷል። ገብረ ክርስቶስን ማንበብ ደግሞ ሸክም አለው፤ በደጃችን የተቀመጠውን ሰው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ስንት ዓመት እንደምናልፈው ያስጠይቃል።

ከባሕር ማዶ የሚፈልጉት ንጉሥ

አውሮፓውያንም በዚያው ዘመን ይህንኑ ይጠይቁ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳዊው ክሬቲየን ደ ትሯ የጻፈው ፐርሰቫል ከሰው ርቆ በጫካ ያደገ ልጅ ነው። እናቱ እንደ ወንድሞቹ በጦር እንዳይሞትባት ስለ ፈረሰኞች እንዳይሰማ አድርጋ አሳደገችው። የራሱን ስም እንኳ ያገኘው ዘግይቶ ነው። የማክዳ ፍርሃትና የዚህች እናት ፍርሃት አንድ ነው።

ጀርመናዊው ቮልፍራም ፎን ኤሸንባህ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታሪኩን አስፍቶ ሲጽፈው ወደ እኛ አቅጣጫ መለሰው። በእሱ ትረካ የጀግናው አባት አስቀድሞ ቤላካኔ የተባለች ጥቁር ንግሥት አግብቶ ጥሏት ሄዷል። የወለደችው ፋይረፊትዝ ገላው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይተዋወቁ ይገናኛሉ፤ ይዋጋሉ፤ የአንዱ ሰይፍ ይሰበራል፤ ያኔ ስም ይጠያየቃሉ። ከፋይረፊትዝ የሚወለደው ልጅ ደግሞ ቄሱ ዮሐንስ ይባላል፤ አውሮፓ በምሥራቅ አለ ብላ ለዘመናት የፈለገችው ክርስቲያን ንጉሥ።

ይህ ንጉሥ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአውሮፓውያን አሳብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዐፄ ልብነ ድንግልን በገዛ ድንኳናቸው አይቶ፣ አገሩን ዞሮ፣ በመጽሐፉ ግን የጠራቸው በዚያው በትረካው ስም ነው። ራሱን በሰሎሞን ሐረግ የሚያውቅ ንጉሥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ፣ እንግዳው ያየው ከአገሩ ይዞት የመጣውን ገጸ ባሕርይ ነበር። ስለ ማንነት የተጻፈ ትረካ ሌላውን ማየት ያስተምራል፤ በቅጡ ካልተነበበም ማየትን ይከለክላል።

ትረካው ሰነድ ሲሆን

በእኛም አገር ትረካ ከትረካነት አልፏል። ክብረ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1270 በይኩኖ አምላክ ለተነሣው ሥርወ መንግሥት የሕጋዊነት ማረጋገጫ ሆነ። እንግሊዞች በመቅደላ ጦርነት ከወሰዷቸው መጻሕፍት መካከል አንድ ክብረ ነገሥት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ ለንደን ጽፈው ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገልጸው እንዲመለስ ጠየቁ፤ መጽሐፉም ተመለሰ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥትና በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ አያይዘው ደነገጉ። በመስከረም 1967 ያ ሥርዓት ሲያበቃ ለብዙዎች መጽሐፉም አብሮ የተሻረ መሰላቸው።

ኪሳራው ከሁለት ወገን ነው። መጽሐፉን እንደ ርስት ማስረጃ ብቻ የያዙት እናቱን ደጋግሞ የሚጠይቀውን ልጅ አላዩም። እንደ ገዥ መደብ ተረት ብቻ የጣሉትም አላዩትም። ዛሬ ክርክሩ ሌላ መልክ ይዟል። ብሔር የሚል መስመር ያለበት የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ያደገ የመርካቶ ልጅ፣ አባቱ ከአንድ አገር፣ እናቱ ከሌላ አገር ሆነው፣ ራሱ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወልዶ፣ በአንድ ቃል ሙላ ሲባል ምን እንደሚጽፍ ተጨንቋል። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ተማሪዎቻቸው ስለ ማንነት ሲከራከሩ ከራሳቸው መጻሕፍት ምሳሌ የሚያነሣ ጥቂት ነው ሲሉ ያዝናሉ። ወጣቶቹ በበኩላቸው እነዚህን መጻሕፍት ማንም እንደ ታሪክ አጣጥሞ አላነበበልንም ይላሉ፤ በድርሳንነት ሲሳሙ፣ በፖለቲካ ክርክር ሲጠቀሱ ብቻ ነው የምናውቃቸው ይላሉ።

ምን እንውሰድ?

የጥንቶቹ ትረካዎች የሚነግሩን አንድ ነገር አለ። ሐረግ አለ፤ አይካድም። በይነ ልሕኪም አባቱን ካልፈለገ ዕረፍት አያገኝም፤ ፍሥሐ ጽዮን ከእናቱ ምርኮ ታሪክ ጋር ተወልዷል። ግን አንዳቸውም በሐረጋቸው አላበቁም። አንዱ አባቱን አግኝቶ የእናቱን አገር መረጠ። አንዱ የቤተሰቡን በዳይ ፈልጎ ሄዶ አጠመቀ። አንዱ የንጉሥ ልጅነቱን ሰውሮ ከለማኞች ጋር ሞተ። አንዱ የመን ተወልዶ የደብረ ሊባኖስ አባት ሆነ። የማን ልጅ ነህ የሚለው ጥያቄ በሁሉም ውስጥ ተጠይቋል፤ በሁሉም ውስጥ ወደ ሁለተኛ ጥያቄ አልፏል፦ ካወቅህ በኋላ ምን አደረግህ?

በዚህ ዘመን የመጀመሪያው ጥያቄ በየአደባባዩ ይጠየቃል፤ ሰውም ይሞትበታል። ሁለተኛው ተረስቷል። መጻሕፍቱ ግን እጃችን ላይ ናቸው። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን ታትሞ በየመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫው ይገኛል፤ ክብረ ነገሥት በአማርኛ ተተርጕሟል። የሚያምን ሰው በእምነቱ ያንብባቸው፤ የማያምንም የአገሩን የትረካ ጥበብ ለማወቅ ያንብባቸው። መምህራን የልጁንና የእናቱን ምልልስ፣ የሞቶሎሚን ሁለት ታሪክ፣ የገብረ ክርስቶስን ደጅ ወደ ክፍል ያምጡ። ወላጆች ለልጆቻቸው ከዘንዶውና ከቅመሙ ግብዣ አልፈው የልጁን ምርጫ ይተርኩላቸው። ስለ ማንነት የምንጣላበትን ቋንቋ ከሌላ ቦታ ከመዋሳችን በፊት አባቶቻችን የጻፉትን አንብበን እንጨርስ።